የጎን ጋሪ

ማልኻዝ፣ ዘርጋው ካርታውን፤ ጫፍ ጫፉን በብሎን ያዘው፤
የወይኑን ማሰሮ አንሣው፤ አምና ነው ጉድ የሠራነው፤
ከአልቫኒ ሽቅብ የሚወጣው፣ ስቶሪ የሚሉት ወንዝ
በወይን ጠጅ ተውጦ ቀረ፣ በእኛው እጅ መደንዘዝ።

ገና የካቲት ነው። ደጅ የወይኑ ሐረግ በረዶ ለብሷል።
እህትህ ናኑሊ ምድጃው ውስጥ እንጨት እየማገደች፣
"ሃያ ሁለት የካቲት" ትላለች፣ "ያቺን ካርታ ስትዘረጉ፤
ጣታችሁ ብቻ ኦማሎ ደርሶ፣ እናንተ ወንበር ላይ ስትረጉ።"

እውነቷን ነው። መጀመሪያ የኔ ሠርግ መጣ፤
ከዚያ ያንተ ፍቺ፤ ከዚያ ካርቡራተሩ ዝገት አወጣ፤
አንድ ዓመት ናዳ ወርዶ፣ መንገዱን ይዞት ወንዝ ገባ፤
አንድ ዓመት የወይን ለቀማ፣ እጅ ያጣ ፍሬ ሲያነባ፤
አንድ ዓመት ምንም። እንዲያው፣ ዓመት ብቻ።

ዘንድሮ እንግዲህ እንጻፍ። እርሳስህን በምላስህ አርጥበው።
ሰኔ አጋማሽ፤ ቡልዶዘሩ ከአባኖ በር በረዶውን ሲገፋው።
ቤንዚን ከአልቫኒ ይሞላ፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ የለም፤
ያለው ፏፏቴ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ከደመና ጋር መጋጠም።
መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ሁለት ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣
የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የዝናብ ላስቲክ፣ ቅባት ለጉልበቴ፤
ዳቦ፣ አይብ፣ ሽንኩርት፤ ቻቻም አንዲት ጠርሙስ፤
እሷ እንኳ ለኛ አይደለችም፤
ከኩርባው ዳር፣ ፎቶአቸው ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የሚጠብቁ አሉ፤
ጭነት ይዘው ወጥተው፣ ጭነቱም እነሱም ያልተመለሱ፤
አጠገባቸው ብርጭቆ ተደፍቷል፤ ያለፈ ሁሉ ይቅዳ ለነሱ።
አንዱ የኛው ጉራም ነው ይላሉ፤
የክፍላችን ቀልደኛ፣ ጥርሱን ሳይከድን ድንጋይ የሆነ።

ምነው እርሳሱ ቆመ?

ማክሰኞ ቴላቪ ሄደህ ነበር። ለናኑሊ አልነገርክ፤
ለኔም ገና አሁን ነው፣ አንገትህን ደፍተህ፣ ብሎኑን እያሽከረከርክ፤
"የግራው ዓይን ጨርሷል" ትላለህ፣ "የቀኙም በዝግታ ይከተለዋል፤
መሪ አትያዝ ብለውኛል።"
እንጨቱ ብቻ ይንጣጣል።

ምን ልበል? አይዞህ? አይዞህ ለልጅ ነው፣ ለወደቀ ከብስክሌት።
ዝም ብዬ ካርታውን አየሁት። ያችን ቀጭን ቀይ መስመር፤
በጣትህ ወዝ የወየበች፣ ከሌላው መንገድ ሁሉ ተለይታ፤
እንደ ታቦት መግቢያ ደረጃ፣ በመመላለስ ብዛት አልቃ።

ጋራዡ ታወሰኝ ያኔ። ከድንች ጆንያው ሥር፣ የአባቴ ኡራል ጋሪ፣
ከሞተሩ ተፈትቶ የቀረ፣ የጨለማ ነዋሪ፤
ድመቷ አራት ጊዜ የወለደችበት፣ አንድ ጎማ፣ አንድ መቀመጫ።
ማልኻዝ፣ ጻፍ፦ "ጋሪው ይበየድ። ሦስት ብሎን። አዲስ ጎማ።"
እኔ እነዳለሁ። አንተ ከጎኔ። የኔ ዓይን ከፊት ያለውን ያያል እንጂ
ከኩርባው ጀርባ ምን እንዳለ በምን ያውቃል?
ሃያ ሁለት ዓመት በጣቱ የነዳው ሰው ነው የሚያውቅ።

"አላምንህም" አልክ። ካርታውን ገለበጥኩት፣ በነጩ በኩል። "በል ጥራ።"
ዓይንህን ጨፈንክ።
"ግራ... ረዥም ግራ። ድልድይ፤ እንጨት ነው፣ ቀስ በል። ቀኝ።
ቀኝ፣ ጠባብ፤ ውኃ መንገዱ ላይ ይወርዳል፣ እግርህን አንሣ።
ግራ። አሁን ገደሉ በኔ በኩል ነው። አትይ። አንተ አትይ፤ እኔ እንደሆነ..."
ብለህ ሣቅህ መጣ፤ የኔም መጣ፤
ተሣሣቅን፣ ሁለት ሽማግሌ፣ በባዶ ወረቀት ላይ አባኖን ወጥተን።

ናኑሊ እንጨቱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማ ኖሯል።
ዓይኑን ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ አለ፤ ግን አላነሣችውም።
"ያ ጋሪ" አለች፣ "ስንት ሰው ይይዛል?"
"አንድ።"
"ከነጂው ኋላ ያለው ኮርቻስ?"
እንጨቱን አስቀመጠች። መልስም አልጠበቀች።
የድመቶቹን ጨርቅ ልታወጣ ፋኖሷን ይዛ ወጣች።

አንተም እርሳስህን ዳግም አረጠብከው፤
"ዳቦ" ከሚለው ጎን "ሦስት" ልትል፣ ካርታውን መልሰህ፣ አጎንብሰህ፤
እጅህ ከጠርዙ አለፈና፣ ቁጥሩ አረፈ
ወይን በጠጣው ወንዝ ላይ።